የኖራው ሪፖርት

«ስፌቱስ ጥሩ ነው» አለች ሴትዮዋ። የተማሪ ልብሱን ከአንገትጌው ላይ በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ፣ ከራሷ አርቃ አንጠልጥላዋለች። «ለስፌቱ እንከን አይወጣለትም። ግን ልጄን አስተማሪዋ ከጓደኞቿ ለይታ መስኮት ሥር ብቻዋን አስቀመጠቻት። ደጋግሜ አጠብኩት። በመጨረሻ በበረኪና ዘፈዘፍኩት፤ በረኪና ደግሞ ዋጋው ከዳቦ በልጧል። ይኸው፣ ቀለሙ ለቀቀና ሽታው ቀረ።»

ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ኋላ እንደተቀመጠ ልብሱን ተቀበላት። ጭኑ ላይ ዘርግቶ አንገትጌውን በመዳፉ አስተካከለ፣ ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች ቆለፈ፣ ከዚያ ገና ለደንበኛ እንደሚሰጥ አዲስ ልብስ በጥንቃቄ አጣጥፎ ከጎኑ አኖረው። ሴትዮዋ ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ የሚጣላት ሰው ስታጣ ግራ ገባት። «እናንተስ ምን ታደርጉ» ብላ አጉረመረመችና አፍንጫዋን በሻርፗ ጫፍ ይዛ፣ ደጃፉ ላይ ከተደረደሩት ጡቦች አንዱን ረግጣ ሌላውን በእግሯ እየፈለገች ወጣች።

ከመጋረጃው ጀርባ ሸሚዙን ይቆልፍ የነበረው የሚስቱ ወንድም ሁሉንም ሰማ። ወጥቶ አንድ ነገር ሊላት አስቦ ነበር። ምን እንደሚላት ሲያሰላስል ሄደች።

ቤቱ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ አንድ ክፍል ነው። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋና ሳጥን፣ ከመጋረጃው ወዲህ የስፌት መኪናና የመተኮሻ ጠረጴዛ። ድሮ ሁሉም ነገር መሬት ላይ ነበር የሚቆመው። አሁን አልጋው ጡብ ላይ፣ የስፌት መኪናው ጡብ ላይ፣ ሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል፤ የደንበኛ ጨርቅ ደግሞ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከጣሪያው ሥር ተንጠልጥሏል። ቤቱ ከገዛ ወለሉ ጋር የተጣላ ይመስላል። ጥጉ ላይ ካለችው የማጠቢያ ቀዳዳ ጠዋትና ማታ ጥቁር ውሃ ይወጣል። መጀመሪያ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ያንጎራጉራል፤ ከዚያ አረፋ ይተፋል፤ ከዚያ የሰው ሆድ የጨረሰው ነገር ሁሉ ከነወረቀቱና ከነፀጉሩ ሲሚንቶው ላይ ቀስ ብሎ፣ የሚያስቸኩለው ነገር እንደሌለ ሁሉ፣ ይዘረጋል። ሚስትየዋ ቀዳዳዋን በጨርቅ ወትፋ፣ ጨርቁ ላይ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ ውሃ የሞላ ባልዲ ጭናበታለች። ሲመጣ ግን ባልዲውንም ይነቀንቀዋል። ሽታውን የቤቱ ሰዎች አይሰሙትም። መኖሩን የሚያውቁት በሚገባ ሰው ፊት ላይ ነው።

ወንድሟ በከተማዋ የፍሳሽ መሥሪያ ቤት የመስመር ተቆጣጣሪ ነው። የሚኖረው ከፍ ብሎ ካለው ሰፈር በተከራያት ክፍል ውስጥ ቢሆንም፣ ይህ ነገር ከመጣ ወዲህ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው የሚያድረው፤ ጠዋት ጠዋት ከእህቱ ጋር ይጠርጋል። መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ሐተታ» ነው የሚሉት። ቅጽል ስሙን ያተረፈው ስለዚሁ ቤት በጻፈው ሪፖርት ነው። ከዳገቱ ላይ አንድ ትልቅ ፎቅ ተሠርቶ መጸዳጃ ቤቶቹ ሁሉ ከቀጭኑ አሮጌ ቱቦ ጋር ከተገናኙ ወዲህ፣ ቱቦው አስፋልቱ ሥር ተደርምሶ የፎቁ ፍሳሽ በታችኛው ሰፈር ቤቶች ውስጥ እየወጣ ነው። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ ቱቦውን አውጥቶ በሰፊ መቀየር። ይህንኑ ጻፈ። ሲጽፍ ግን ጡቦቹንም ጻፈ፣ ባልዲውንም ጻፈ፣ ተንሸራተው ዳሌያቸው የተሰበረውን የጎረቤት አዛውንትም ጻፈ፣ የእህቱን ባል ደንበኞችም ጻፈ። «ሐተታ ይቀነስ» ተብሎ ተመለሰለት። አሳጥሮ ሰደደ፤ «በቅርጹ መሠረት አልቀረበም» ተብሎ ተመለሰ። እንደገና ሲልክ አለቆቹ ተሰብስበው መከሩበትና ችግሩን አገኙት። ችግሩ ለካ ሠራተኛው ሪፖርት መጻፍ አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ሥልጠና ተዘጋጀ።

ዛሬ ሥልጠናው ያልቃል። ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጥቶ ከሠልጣኞቹ ሪፖርቶች ምርጦቹን ያዳምጣል፣ የተጠየቀውንም እዚያው ይወስናል ተብሏል። እህቱ ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ሸሚዙን ራሷ አጥባ፣ ራሷ ተኩሳ፣ ከሽቶ ሳሙና ጋር ሳጥን ውስጥ አሳድራዋለች።

«እስኪ ዙር» አለችው። ትከሻውን ይዛ አዞረችውና አፍንጫዋን ጀርባው ላይ ደገነች።

«ይሸታል እንዴ እትዬ?»

«እኔ ምኑን አውቄ። አፍንጫዬ ከሞተ ቆየ እኮ።» ኮሌታውን አቃናችለት። «ዛሬ ይፈርማል አይደል?»

«ከተመረጠ ይፈርማል።»

«ታዲያ አታርዝምብና! አንተ ደግሞ ከጀመርክ መች ታበቃለህ። ልጅ ሆነህ እንኳ ዳቦ ግዛ ብዬ ስልክህ፣ ባለ ሱቁ ያለህን፣ መንገድ ላይ የተጣላውን፣ ያየኸውን ውሻ ሁሉ ቆጥረህ ሳትጨርስ ዳቦውን አትሰጠኝም ነበር።»

ከመጋረጃው ወዲህ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ጎማ አዞረ፤ መርፌው ጨርቅ በሌለበት ወጋ ወጋ አድርጎ ቆመ። «ወንድምሽ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይጠጣ በይው» አለ። ሪፖርቱ ሁለተኛ ጊዜ ከተመለሰ ወዲህ በቀጥታ አነጋግሮት አያውቅም። አልተጣሉም፤ ክፉ ቃልም አልተናገረውም። የሚለውን ሁሉ ለሚስቱ ብቻ ይላል፤ እሷም ክንድ ለማትርቅ ሰው ደግማ ትናገራለች። «ሻይህን ጠጣ ይልሃል» አለችው። ሻዩን አልጠጣም። አለመጠጣቱ የራሱ ምክንያት ነበረው።

ንጹሑን ጫማ በላስቲክ ይዞ፣ አሮጌውን ተጫምቶ ወጣና አስፋልቱ ጫፍ ሲደርስ ቀየረ። ሥልጠናው የሚሰጠው እዚያው ዳገቱ ላይ ያለው ፎቅ ውስጥ ነው። መሥሪያ ቤቱ የራሱ አዳራሽ ስለሌለው ይከራያል፤ ከተከራየ ደግሞ ዘመናዊ ይሁን ብሎ እዚያ ተከራየ። መግቢያው ላይ ሰው ፊቱን የሚያይበት እብነ በረድ፣ ከእብነ በረዱ ቀጥሎ አራቱም ግድግዳው መስታወት የሆነ ሊፍት አለ። ሁሉም ቦታ የሎሚ ሽታ ይረጫል፤ ሎሚ ሲባል ሰምቶ እንጂ አይቶ የማያውቅ ሰው የፈጠረው ዓይነት የሎሚ ሽታ። ጥርት ያለ ንጽሕና ነው። ንጽሕናው የት እንደሚራገፍ ከእሱ ሌላ የሚያውቅ ሰው በሊፍቱ ውስጥ አልነበረም። ሥልጠናው ከተጀመረ ጀምሮ በዚህ ፎቅ መጸዳጃ ቤት ላለመግባት ለራሱ ቃል ገብቷል። የእሱ ሽንት ቢጨመር ባይጨመር የሚያመጣው ለውጥ እንደሌለ ሙያው ነውና ከማንም በላይ ያውቀዋል። ግን የገዛ እህቱ ወለል ላይ፣ አውቆ፣ ከዚህ ከፍታ ሆኖ! ስለዚህ ሻይ አይጠጣም፣ ውሃ አይጠጣም፤ እስኪጨርሱ ጭኑን ገጥሞ ይውላል።

አሠልጣኙ ጥፍሩ እንኳ የሚያብረቀርቅ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። ከጀርባው ያለው ሸራ ላይ፣ የወረቀት ክምር ፊት ለፊቱ ተቆልሎ የሚያዛጋ ባለ ክራቫት ሰው ሥዕል ይታያል። «ይህ አንባቢያችሁ ነው» ይላል። «ጊዜ የለውም። በመጀመሪያው መስመር ምን እንደምትፈልጉ ካልገባው ሁለተኛውን አያነብም። ‹ብዙ› አትበሉት፤ ስንት እንደሆነ ንገሩት። አንድ አንቀጽ፣ አንድ ጉዳይ። ሁሉም በአንድ ገጽ። ሁለተኛ ገጽ ማለት ቆሻሻ ቅርጫት ማለት ነው።» አዳራሹ ይስቃል። ከሁሉ የከፋው ሰውየው ትክክል መሆኑ ነበር። ሐተታ የድሮ ሪፖርቶቹን በልቡ እያነበበ ያፍር ነበር፤ በመጀመሪያው ላይ ቱቦው የሚነሳው ሦስተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ፣ ከአዛውንቱ ዳሌ በኋላ ነው። የሚያነበው ሰው እስከዚያ የት ይደርሳል? በነዚህ ቀናት ውስጥ ሳይወድ በግዱ መማር ጣፍጦታል። ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ሲቆርጠው፣ የቀረው ቀጥ ብሎ ሲቆም ሲያይ፣ የእህቱ ባል ትርፍ ጨርቅ በመቀስ ሲቀነጥስ የሚሰማውን ደስታ የሚያውቀው ይመስለዋል።

የመጨረሻው ልምምድ በቡድን ነበር። እሱ፣ ከመዝገብ ቤት የመጣች ጸሐፊና አንድ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ አንድ ጠረጴዛ ደረሳቸው። የማን ሪፖርት ይታረም ሲባል ቆጣሪ አንባቢው «የሐተታ ነዋ! እኛ ያለን አጥንት ነው፤ ለመቁረጥ ሥጋው ያለው እሱ ጋ ነው» አለ። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯን ከፍታ አጠገቡ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ወንበሯን ሳብ አደረገች። ቀጥላ ተነስታ መስኮቱን ከፈተችና «ሙቀቱ አይጣል ነው» አለች። ሙቀት አልነበረም። ሐተታ ወንበሩን አንስቶ መስኮቱ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። ከዚያ ሆኖ ነው ሪፖርቱን ያስጻፋት።

መጀመሪያ አዛውንቱ ወጡ። «ዳሌ የጤና ነው፤ የእኛ ዘርፍ አይደለም» አለ ቆጣሪ አንባቢው፤ ልክ ነበር። ጡቦቹ ወጡ። ባልዲው ወጣ። «ጥቁር ውሃ ቤት ውስጥ ይወጣል» የሚለው «ውስን የፍሳሽ መመለስ ተስተውሏል» ሆነ። የእህቱ ባል ደንበኞች የያዙት ረጅም አንቀጽ ጋ ሲደርሱ ጸሐፊዋ ጣቶቿን ከቁልፎቹ ላይ አንስታ ጠበቀችው። እሷ ባትጠብቀው፣ ሌላ ሰው ቢቆርጠው ይሻለው ነበር። ጠዋት የሰማው ድምፅ በጆሮው መጣ፤ ልብሱን በሁለት ጣት ያንጠለጠለው እጅ መጣ። ይህን በየትኛው መስመር ያስገባዋል? «በነዋሪው ዘንድ መጠነኛ ቅሬታ አለ» አለ በመጨረሻ። ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ልኩ ሆኖ ታየው፤ አጭር፣ ጨዋ፣ ማንንም የማያስቆጣ። ደስ አለው። ደስ ማለቱን ሲያውቅ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

አሠልጣኙ በየጠረጴዛው ሲዞር እነሱ ጋ ደረሰ፤ አጎንብሶ አነበበ። «ድንቅ ነው። ጥያቄህ ግን ምንድነው ወንድሜ?»

«ዋናው ቱቦ እንዲቀየር ነው።»

«ይህን ማን ነው የሚፈቅደው?»

«ቦርዱ ነው። በጀት ያስፈልገዋል።»

«ዛሬ የሚመጣው ማነው?»

«ሥራ አስኪያጁ።»

«አየህ?» አሠልጣኙ ክፋት የሌለበት፣ ልጁን የቤት ሥራ እንደሚያሠራ አባት ያለ ፈገግታ ፈገግ አለ። «ሊፈርመው የማይችለውን ነገር ለምን ትጠይቀዋለህ? እምቢ ማሰኘት ከፈለግህ ሌላ ነገር ነው። በእጁ ያለውን ጠይቀው። አንዴ እሺ ካሰኘኸው ለሚቀጥለው መንገዱ ተከፈተልህ።»

በእጁ ያለው ምንድነው ተባለ። የፍሳሽ መምጠጫ መኪናው ተበላሽቶ ጋራዥ ቆሟል። «ኖራ አለ» አለ ቆጣሪ አንባቢው። «መጋዘኑን ሞልቶታል፤ ቦታ ጠበበን እያሉ ሲያማርሩ ነው የሚውሉት። ሽታ ይቀንሳል ብለህ ጠይቅ፤ በሁለት እጁ ነው የሚፈርምልህ።» ሐተታ ኖራ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ያውቃል። ቢሆንም «እሺ፣ ኖራውን አስቀድሚው» አላት ለጸሐፊዋ፤ «ከሥሩ ግን ‹በቀጣይ ዋናው ቱቦ እንዲቀየር› ብለሽ ጨምሪ።» ጨመረችለት። የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ከኮሪደሩ የተጠበሰ ሥጋና የዘይት ሽታ መጣ፤ ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ወንበር እየገፉ መነሳት ጀመሩ።

«ሐተታ» አለች ጸሐፊዋ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ። «ይቺ የመጨረሻዋ መስመር ወደ ሁለተኛ ገጽ ዘለለችብኝ።»

«ፊደሉን አሳንሺው።»

«የፊደሉ መጠን ተወስኗል እኮ። ላጥፋት?»

ቆጣሪ አንባቢው በሩ ላይ ቆሞ «ኧረ ማካሮኒው አለቀ!» እያለ ይጣራል። ሐተታ መስመሯን አያት። ከነጭ ገጽ አናት ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ከላይ ያለውን እንዳይቆርጥ ሁሉም ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የሚቀነስበት አልታየውም። «አጥፊያት» አለ።

ምሳው ላይ ሰው ሰሃኑን እንደ ቤት መሠረት ነበር የሚገነባው፤ ከሥር ሩዝ፣ ከላዩ ማካሮኒ፣ ከላዩ ሥጋ፣ በጎን ድንች። ቀለበቶችና ሰዓቶች ዘይት ነክተዋል። የሂሳብ ክፍሉ ኃላፊ አጥንት እየጋጠ ስለ ግልጽነት ይናገራል። ሐተታ ደረቅ ዳቦ ይዞ ግድግዳ ተደግፎ ቆመና ማሰብ የማይገባውን አሰበ፤ ይህ ሁሉ የሚታኘክ ነገር ነገ ጠዋት የት እንደሚሆን አሰበ። ሁሉንም በየአፋቸው ሲገባ አየው። ዳቦውን መጨረስ አቃተው።

ሥራ አስኪያጁ አርፍዶ፣ ስልክ እያናገረ፣ ፎቶ አንሺ አስከትሎ ገባ። ሠልጣኞቹ ተነስተው ተቀመጡ። ጥቂት ሪፖርቶች ተነበቡ፤ ስልኩን እያየ ሰማቸው። የሐተታ ተራ ሲደርስ ግን ከመጀመሪያው መስመር በኋላ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ደፋው። «በታችኛው ሰፈር የሚታየውን ውስን የፍሳሽ መመለስ ሽታ ለመቀነስ፣ በመጋዘን ካለው ክምችት ኖራ እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ» ብሎ ጀምሮ ሐተታ ገጹን ሳይደናቀፍ አነበበ።

«ይኸው!» አለ ሥራ አስኪያጁ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ እያሳረፈ። «እንዲህ ነው እንጂ! ይህ ሰው አይደል እንዴ ያንን መጽሐፍ ሲጽፍልን የነበረው?» አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ቀጥሎ ጭብጨባ ሆነ። ከአሠልጣኙ እስክሪፕቶ ተቀብሎ እዚያው፣ ቆሞ፣ ፎቶ እየተነሳ ፈረመ። «ኖራው ዛሬውኑ ይጫንላቸው። እኛም በራሳችን አቅም ፈታነው ማለት ነው፤ ፋይሉ ይዘጋ።»

ሐተታ ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ። «ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ያው እንግዲህ... ቱቦው...»

«የቱ ቱቦ? ሪፖርቱ ላይ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምነው! ገና አሁን ተማረልን ብለን ስናጨበጭብ?» አለና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እንደገና ሳቁ። ሐተታም ሳቀ። ሳቁ ከውስጡ ነበር የመጣው፤ ያ ነው ኋላ ላይ ያሳፈረው። ሥራ በጀመረበት ዘመን ሁሉ አንድ ወረቀቱ ሳይመለስበት ሲቀር፣ አንድ አለቃ ትከሻውን ሲነካው የመጀመሪያው ነው። እጁን የጨበጠው ሰው ብዛት! ጸሐፊዋ እንኳ ሽታውን ረስታ አቀፈችው። አንዱ ብርጭቆ ውሃ አቀበለው፤ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ፊቱ ሞቆ፣ ጆሮው እየጮኸ፣ ሰው እያሳለፈው በኮሪደሩ ሄደ፤ በር ገፋ፤ ቀኑን ሙሉ የያዘውን ለቀቀ። እንዴት ያለ እፎይታ ነበር! ዓይኑን ጨፈነ። እጁ በልማድ የመጸዳጃውን ውሃ መልቀቂያ ተጫነ።

ውሃው ሲወርድ ነው የነቃው። ሙያው አላስተኛውም፤ ጆሮው ሳይታዘዝ ተከትሎት ወረደ። በግድግዳው ውስጥ ካለው ቱቦ፣ ከፎቅ ወደ ፎቅ፤ ከመሬት በታች ካለው መታጠፊያ፤ ከአስፋልቱ ሥር፣ ከተደረመሰው ቦታ፤ ከዚያ ወደ ፊት መሄጃ አጥቶ ወደ ጎን፣ ወደ ቀጭኑ መስመር፤ እስከ ጨርቁ፣ እስከ ድንጋዩ፣ እስከ ባልዲው። እጁን በሳሙና ታጠበ። ደግሞ ታጠበ። ሳሙናውም ሎሚ ሎሚ ይላል። መስታወቱ ውስጥ እህቱ የተኮሰችው ሸሚዝ ሳይጨማደድ ቆሞ ነበር፤ ከሸሚዙ በላይ ያለውን ፊት ግን አላየውም።

ቁልቁለቱን በእግሩ ሲወርድ የመሥሪያ ቤቱ መኪና አልፎት ሄደ። ለሦስት ሪፖርት ያልተንቀሳቀሰ መሥሪያ ቤት እንዲህ ሲፈጥን አይቶ አያውቅም። ሲደርስ የቀን ሠራተኞቹ ከረጢቶቹን አራግፈው ጨርሰዋል። ያራገፉት ጡቦቹ ላይ ነበር፤ ሌላ ደረቅ ቦታ ስላጡ። አሁን ወደ ቤት ለመግባት ኖራውን ተራምዶ ማለፍ ነው። ፎቶ አንሺው እህቱን ከከረጢቶቹ አጠገብ አቁሞ «ትንሽ ፈገግ በይልኝ እናቴ» ይላል። እሷ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ፈገግ ትላለች። ጎረቤቶች ደጃፋቸው ላይ ወጥተው ያያሉ። ሐተታን ስታየው ፊቷ በራ።

«ፈረመ አይደል? አልኩ እኮ! ስታሳጥረው ይሰሙሃል አልኩ!» ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «ይህኛውን አስቀድመው ልከውታል። ቱቦው ከኋላ ነው አይደል የሚመጣው?»

እህቱ ፊቱን አየች። ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደገችው ፊት ነው፤ ዳቦ ሲጥል፣ መልስ ሲያጠፋ፣ ሁሉንም ታነበዋለች። ሁለተኛ አልጠየቀችውም። ጎንበስ ብላ አንዱን ከረጢት በእጇ ነካ ነካ አደረገችው፤ ጣቷ ነጣ። ያንን ነጭ ጣት እያየች ቆመች።

ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ነበር። የመለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ወደ ሚስቱ አላየም።

«ሪፖርቱን አምጣው» አለ፣ በቀጥታ ለእሱ።

ሐተታ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ልብስ ሰፊው ብርሃን ወዳለበት ዞረና መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። የሚያነበው ሌላ ሰው የሠራውን ስፌት እንደሚመረምር ሆኖ ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ በጣቱ እየተከተለ፣ መስመሩ ሲያልቅ ጥቂት ቆሞ። እስከ ታች ደርሶ ፊርማውን አየ። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ባዶ ነው። መልሶ ገለበጠው።

«እኛ የቱ ጋ ነን?»

ሐተታ ተጠግቶ በጣቱ አሳየው። ልብስ ሰፊው ጣቱ ያረፈበትን አነበበ፤ «በነዋሪው ዘንድ መጠነኛ ቅሬታ አለ»። ከንፈሩ ቃሉን ተከትሎ ተንቀሳቀሰ። ከጀርባው፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ ጠዋት የተመለሰው የተማሪ ልብስ ቁልፎቹ እንደተቆለፉ ተቀምጧል። መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ ወረቀቱን ከአናቱ፣ በሁለት ጣቱ ጫፍ ያዘና ከራሱ አርቆ ዘረጋለት።

«ስፌቱስ ጥሩ ነው» አለ።

ሐተታ ተቀበለው። ጥጉ ላይ ባልዲው መነቃነቅ ጀመረ። ከላይ የፎቁ ሠራተኞች ሥራ ጨርሰው፣ መጸዳጃ ቤት ጎራ ብለው፣ ወደየቤታቸው የሚሄዱበት ሰዓት ነበር።